ኦል-ኢን፦ በፖከር ውድድር መጥፎ ዕድልን ከመጥፎ ውሳኔ መለየት

በእጁ ባሉት ሁለት ካርታዎች ኤስ-ኤስ የያዘ ተጫዋች ኪንግ-ኪንግ ከያዘ ተጫዋች ጋር፣ ጠረጴዛው ላይ ገና አንድም ካርታ ሳይወርድ፣ ያለውን ቺፕ በሙሉ ወደ መሃል ገፋ፤ ኦል-ኢን የሚባለው ይህ ነው። ፍሎፑ፣ ማለትም ለሁሉም በጋራ የሚወርዱት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ካርታዎች፣ 9፣ 6፣ 2 ሆነ። ተርኑ፣ አራተኛው ካርታ፣ 4። ሪቨሩ፣ አምስተኛውና የመጨረሻው፣ ላይ ኪንግ ወረደና ሦስት ኪንግ ስለሆኑ ኤሶቹ ተበሉ። ተጫዋቹ ከወንበሩ ሲነሳ የሚለው የታወቀ ነው፦ «ሊያሸንፈኝ የሚችለው እኮ ሁለት ካርታ ብቻ ነበር!»

እውነቱን ነው። ሪቨሩ ከመውረዱ በፊት ያልታዩት ካርታዎች 44 ናቸው፤ ከነሱ ውስጥ ኪንጎቹ ሁለት ብቻ፣ ማለትም 4.5 በመቶ። ግን ሂሳቡን የጀመረው ከተሳሳተ ቦታ ነው። ቺፑ የገባው ሪቨሩ ላይ አይደለም፤ ካርታ ሳይወርድ ነው፤ ያኔ ደግሞ የማሸነፍ ዕድሉ 82 በመቶ ገደማ ነበር። ፍሎፑ ኪንግ ሳያወጣ ሲቀር ወደ 91 ወጣ፤ ተርኑም ሳያወጣ ሲቀር ወደ 95.5 ደረሰ። እነዚህ ጭማሪዎች ካርታው የሰጣቸው ናቸው፤ ተጫዋቹ ከገፋ በኋላ ምንም የወሰነው ነገር የለም። ካርታው የሰጠውን መልሶ ሲወስድ የጠፋው የተጫዋቹ 82 እንጂ 95 አይደለም። 82 ማለት ደግሞ ከ11 ጊዜ 2 ጊዜ መበላት ማለት ነው።

«ዕድል» የሚለው ቃላችን ራሱ ከ«ማደል» የመጣ ነው፤ ታድሎ የምንለው ሰው የተሰጠው ሰው ነው። በፖከርም ካርታ ይታደላል፤ የሚታደለውን ማንም አይመርጥም። የሚመረጠው ቺፕ የሚገባበት ሰዓትና የሚገባበት ዋጋ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ስለዚያ ሰዓት ነው።

በቃል የሚያዙ ቁጥሮች

ሁለት ተጫዋቾች ካርታ ሳይወርድ ኦል-ኢን ሲገቡ የሚፈጠሩት ግጥሚያዎች ብዙ አይደሉም። ትልቅ ጥንድ ከትንሽ ጥንድ ጋር ሲገናኝ፣ ለምሳሌ ጃክ-ጃክ ከ7-7፣ ትልቁ 81 ገደማ በመቶ ያሸንፋል። አንድ ካርታ ተጋርተው የሌላው ካርታ ትልቅነት ብቻ ሲለያቸው፣ ለምሳሌ ኤስ-ኪንግ ከኤስ-ኩዊን፣ የተሻለው ወደ 74 በመቶ ይይዛል። ጥንድ ከአንድ ትልቅ ካርታ ጋር፣ ለምሳሌ 8-8 ከኤስ-5፣ 70 ለ30 ነው። ሁለት ትልልቅ ካርታዎች ከሁለት ትናንሽና ያልተጋሩ ካርታዎች ጋር፣ ለምሳሌ ኤስ-ኪንግ ከ7-6፣ ብዙ ሰው ከሚገምተው በታች 60 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ዘውድና ጎፈር የሚባለው ደግሞ ጥንድ ከሁለት ትልልቅ ካርታዎች ጋር ሲጋጠም ነው፤ ኩዊን-ኩዊን ከኤስ-ኪንግ ጋር ሲገናኝ ኩዊኖቹ 57 በመቶ ገደማ ያሸንፋሉ፤ ኤስና ኪንጉ አንድ ዓይነት ምልክት ከሆኑ ወደ 54 ይወርዳል።

ፍሎፕ ከወረደ በኋላ የሚጠቅመው አቋራጭ ደግሞ ይህ ነው፦ እጅዎን የሚያድኑትን ካርታዎች ይቁጠሩ፤ ሁለት ካርታ ገና የሚወርድ ከሆነ በ4፣ አንድ ብቻ ከቀረ በ2 ያባዙ። አንድ ምልክት ካላቸው አራት ካርታዎች ይዞ አምስተኛውን የሚጠብቅ ሰው 9 አዳኝ ካርታ አለው፤ በ4 ሲባዛ 36 ይሆናል፤ ትክክለኛው 35 ነው። በሁለቱም ጫፍ ክፍት የሆነ ተከታታይ የሚጠብቅ 8 አለው፤ ትክክለኛው ቁጥር 31.5 ነው። አዳኞቹ ከ9 ሲበልጡ አቋራጩ ከእውነቱ እየራቀ ያጋንናል፤ ስለዚህ ለ12ና ለ15 አዳኝ ካርታ ጥቂት ቀነስ ማድረግ ያስፈልጋል።

ኤሶቼን ሁሌም ይሰብሩብኛል የሚል ሰው ደግሞ ስንት ሰው ጋር እንደሚጫወታቸው ይቁጠር። ኤስ-ኤስ ከአንድ የዘፈቀደ እጅ ጋር 85 በመቶ ያሸንፋል። ከሁለት ጋር 73፣ ከሦስት ጋር 64፣ ከአራት ጋር 56 ይሆናል። አራት ሰው በርካሽ ፍሎፕ እንዲያይ ፈቅዶ በመጨረሻ የተበላ ሰው ዕድሉን ሳይሆን ካርታ ሳይወርድ ያስገባውን አነስተኛ ውርርድ ቢመረምር ይሻለዋል።

80 በመቶ ሦስት ጊዜ ሲደጋገም

ውድድርን ከተራ የገንዘብ ጠረጴዛ የሚለየው አንድ ጊዜ ቺፕ ካለቀ መውጣት መሆኑ ነው። በገንዘብ ጠረጴዛ 80 በመቶ ብልጫ ይዞ የተበላ ሰው እንደገና ቺፕ ይገዛል፤ ብልጫውም በብዙ እጅ ውስጥ ይመለስለታል። በውድድር ግን ዕድሎቹ ይባዛሉ። ሁሉን ቺፕ አስይዞ በ80 በመቶ ብልጫ ሦስት ጊዜ መግባትና ሦስቱንም መትረፍ 0.8 × 0.8 × 0.8፣ ማለትም 51.2 በመቶ ነው። ሦስት ግሩም ውሳኔ ተደምሮ አንድ ዘውድና ጎፈር ሆነ ማለት ነው። አምስት ጊዜ ከሆነ 33 በመቶ፣ አሥር ጊዜ ከሆነ 11 በመቶ አካባቢ ይቀራል።

1,000 ሰው የገባበትን ውድድር ለማሸነፍ የመነሻው ቺፕ አሥር ጊዜ ያህል መታጠፍ አለበት። ሁሉም እጥፍ ህይወትን አስይዞ የሚመጣ ከሆነ፣ ሁልጊዜ 80 በመቶ ብልጫ ይዞ የሚገባ ተአምረኛ ተጫዋች እንኳ ከ10 ውድድር 9ኙን ሳያሸንፍ ይወጣል። ጠንካራ ተጫዋቾች ከዚህ የሚያመልጡት በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው፣ ብዙ ትናንሽ ፖቶችን (መሃል ላይ የተጠራቀመ ቺፕ) ካርታ ሳያሳዩ መሰብሰብ። ሁለተኛው፣ ኦል-ኢን ሲገቡ ከተጋጣሚያቸው የበለጠ ቺፕ ይዘው መገኘት። 40,000 ያለው 15,000 ካለው ጋር ሲጋጭ ቢበላ 25,000 ይዞ ይቀጥላል፤ ያስያዘው ቺፕን እንጂ ወንበሩን አይደለም። ይህ ሁለተኛው ነጥብ በቂ ትኩረት አይሰጠውም። አንድን ፖት ዛሬ መውሰድ ነገ ለሚመጣው መጥፎ ካርታ መጠባበቂያ ነው።

ሽልማቱም ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ከ10 እስከ 15 በመቶ ለሚሆኑት ተጫዋቾች ነው። 15 በመቶው የሚሸለምበት ውድድር ላይ መካከለኛ ችሎታ ያለው ሰው አሥር ጊዜ ተከታትሎ ባዶ እጁን የመውጣት ዕድሉ 20 በመቶ ነው። ከመካከለኛ በላይ ሆኖ 20 በመቶ ጊዜ ሽልማት ውስጥ የሚገባ ሰው እንኳ አሥሩንም ባዶ የሚወጣበት ዕድል 11 በመቶ አለ። ልምድ ያላቸው የውድድር ተጫዋቾች ቢያንስ 100 መግቢያ የሚሸፍን ለዚህ ብቻ የተለየ ገንዘብ ይኑር የሚሉት ለዚህ ነው፤ ብዙ ሺህ ሰው ለሚገባበት ውድድር ከዚያም በላይ። ከኪራይ ወይም ከልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ የመጣ መግቢያ ውሳኔን ያበላሻል፤ 45 በመቶ በቂ በሆነበት ቦታ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ 65 በሚያስፈልግበት ቦታ ደግሞ ኪሳራን ለማካካስ ይቸኩላል። መጫወት ማቆም ያቃተው ሰው ግን ከዚህ ጽሑፍ የሚያገኘው መፍትሔ የለም፤ ጨዋታውን ትቶ ሊረዳው ለሚችል ሰው መንገር አለበት።

ቺፕ ሲታጠፍ ገንዘብ አይታጠፍም

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

አራት ተጫዋቾች ቀርተዋል እንበል፤ እያንዳንዳቸው 2,500 ቺፕ አላቸው። ሽልማቱ ለሦስት ሰው ነው፦ ለአንደኛ 50፣ ለሁለተኛ 30፣ ለሦስተኛ 20፣ ጠቅላላ 100። አራተኛው ባዶ እጁን ይሄዳል። ሁሉም እኩል ስለሆኑ የእያንዳንዱ ድርሻ ዋጋ 25 ነው። አሁን ሁለቱ ኦል-ኢን ተጋጩና አንዱ ወጣ። አሸናፊው 5,000 አለው፣ ሌሎቹ ሁለቱ በየ2,500ቸው ናቸው። ቺፑ ታጠፈ። ገንዘቡስ?

በቺፕ ብዛት ተመጣጣኝ አድርገን ስናሰላ አሸናፊው አንደኛ የመውጣት ዕድሉ 50 በመቶ ነው። ሁለተኛ የመውጣት ዕድሉ 33.3፣ ሦስተኛ የመውጣቱ 16.7። ድርሻው 25 + 10 + 3.33 = 38.33 ይሆናል። ስለዚህ 25 አስይዞ ያተረፈው 13.33 ብቻ ነው። ይህን ውርርድ ያለ ኪሳራ ለመቀበል 25ን ለ38.33 ማካፈል፣ ማለትም 65.2 በመቶ የማሸነፍ ዕድል ያስፈልጋል። ኩዊን-ኩዊን የያዘ ሰው ተጋጣሚው ኤስ-ኪንግ መያዙን በዓይኑ ቢያይ እንኳ 57 በመቶው አይበቃውም፤ ካርታውን መጣል አለበት። (ብላይንዱና አንቴው፣ ማለትም በየእጁ በግዴታ የሚገቡት ቺፖች፣ ፖት ውስጥ ስላሉ የሚፈለገው ቁጥር ትንሽ ይቀንሳል፤ አቅጣጫው ግን አይቀየርም።)

የቀረው ገንዘብ የት ሄደ? እጃቸውን አጣጥፈው ወደተቀመጡት ሁለት ሰዎች። ካርታ ሳይነኩ ከ25 ወደ 30.83 ከፍ አሉ። ሁለት ሰው በተጋጨ ቁጥር ተመልካቹ ይከፈለዋል።

ይህ ስሌት አይሲኤም ይባላል። ዴቪድ ሃርቪል እ.ኤ.አ. በ1973 ብዙ ተወዳዳሪ ላለበት ውድድር፣ እንደ ፈረስ እሽቅድድም ላለው፣ ያወጣው ዘዴ ነው፤ ሜሰን ማልሙት ደግሞ በ1987 ለፖከር አዋለው። ድክመት አለው፤ የተጫዋቾችን ችሎታም ሆነ ብላይንዱ ቀጥሎ የሚደርሰው ማን ላይ እንደሆነ አያይም። ቢሆንም ከግምት እጅግ የተሻለ ነው።

ቁጥሩ በየቦታው አንድ አይደለም። ውድድሩ ሲጀመርና ሽልማቱ ገና ሩቅ ሲሆን የሚፈለገው መቶኛ ከተራው የፖት ሂሳብ ብዙም አይርቅም። ሽልማት ሊጀመር አንድ ሁለት ሰው ሲቀር፣ በብል የሚባለው ቦታ ላይ፣ ከፍተኛ ይሆናል። መካከለኛ ቺፕ ይዞ ከትልቅ ቺፕ ባለቤት ጋር የሚጋጭ ሰው ከሁሉም በላይ ይጠየቃል፤ ምክንያቱም ከሱ በፊት ሊወጡ የተቃረቡ ትንንሽ ቺፕ ባለቤቶች አሉ። የመጨረሻው ጥግ ሽልማቱ እኩል የሆነበት ውድድር ነው፤ ለምሳሌ የመጀመሪያዎቹ 10 ሰዎች እያንዳንዳቸው ወደ ትልቅ ውድድር መግቢያ የሚያገኙበት። 11 ሰው ቀርቶ፣ በቂ ቺፕ ይዘው፣ አንዱ ተጫዋች አንድ ቢግ ብላይንድ (ትልቁ የግዴታ ውርርድ) ብቻ ቀርቶት ሳለ ከእርስዎ የበለጠ ቺፕ ያለው ሰው ቢገፋብዎ ኤስ-ኤስን መጣል ትክክል ሊሆን ይችላል። ባለመጫወት ለማለፍ ያለዎት ዕድል ከ95 በመቶ በላይ ሆኖ ሳለ 85 በመቶን መግዛት ኪሳራ ነው።

የሚገፋና የሚቀበል አንድ አይደሉም

የሚገፋ ሰው በሁለት መንገድ ያሸንፋል፦ ሌላው ካርታውን ሲጥልለትና ካርታ ተገልጦ ሲበልጥ። የሚቀበል ሰው፣ ማለትም የተገፋበትን ያህል አስገብቶ የሚጋጠም፣ መንገዱ አንድ ብቻ ነው።

ስሞል ብላይንዱ 500፣ ቢግ ብላይንዱ 1,000 ነው፤ የሚከፍሏቸው ተጫዋቾችም በዚሁ ስም ይጠራሉ፤ ቢግ ብላይንዱ 1,000 አንቴም ይከፍላል። ሁሉም ጥለው ስሞል ብላይንዱ ላይ ደረሰ፤ 500 ካስገባ በኋላ 9,500 ቀርቶታል። ቢግ ብላይንዱ ከዚህ የበለጠ ቺፕ አለው። ፖቱ ውስጥ 2,500 ተቀምጧል። ስሞል ብላይንዱ ቢጥል 9,500 ይዞ ይቀጥላል። ቢገፋና ቢግ ብላይንዱ ቢጥል 12,000 ይኖረዋል። ተቀባይ አግኝቶ ቢያሸንፍ 21,000 ይሆንለታል። ቢግ ብላይንዱ 55 በመቶ ጊዜ ይጥላል፣ 45 በመቶ ይቀበላል፣ ሲቀበል ደግሞ የስሞል ብላይንዱ እጅ 38 በመቶ ብቻ ያሸንፋል ብለን እናስብ። 0.55 × 12,000 = 6,600። 0.45 × 0.38 × 21,000 = 3,591። ድምሩ 10,191 ነው። በተቀበሉት ቁጥር ወደ ኋላ የቀረ እጅ ሆኖ ሳለ መግፋቱ ከመጣል 691 ቺፕ ይበልጣል። ትርፉ የመጣው ተጋጣሚው ከሚጥልበት ጊዜ ነው።

አሁን ያው ሰው 3,000 ብቻ ቢኖረውስ? ቢግ ብላይንዱ 5,000 ለማግኘት 2,000 ብቻ ይጨምራል፤ 28.6 በመቶ ማሸነፍ ይበቃዋል። በሰፊው ከሚገፋ ሰው አንጻር ይህን ቁጥር የማይደርስ ካርታ የለም ለማለት ይቻላል፤ ስለዚህ አይጥልም። ጥሩ ካርታ እስኪመጣ እያሉ ከ10 ቢግ ብላይንድ እስከ 3 ድረስ የሚጠብቁ ተጫዋቾች የሚያጡት ቺፕ ብቻ አይደለም፤ ሌላውን ለማስጣል ያላቸውን ኃይል ነው። በመጨረሻ ሲገፉ ሁለት ሰው ይቀበላቸዋል፣ ይበላሉ፣ ዕድሌ ነው ይላሉ። ያ ዕድል ከአንድ ሰዓት በፊት በሰባትና በስምንት ቢግ ብላይንድ የታለፉት እጆች ውጤት ነው።

መቀበልን ደግሞ በቅርብ እንየው። በተመሳሳይ ብላይንድ፣ ዲለር ቦታ ላይ ያለው፣ ከስሞል ብላይንዱ በፊት የሚወስነው ሰው፣ 12,000 ገፋ። ስሞል ብላይንዱ ጣለ። እርስዎ ቢግ ብላይንድ ሆነው ምልክታቸው የተለያየ ኤስና 9 ይዘዋል። ፖቱ 14,500 ነው፤ የሚጨምሩት 11,000። 11,000ን ለ25,500 ሲያካፍሉ 43.1 በመቶ። ጥያቄው «ምን ይዞ ይሆን?» አይደለም። «በምን በምን ዓይነት ካርታ ይገፋል?» ነው።

ማንኛውንም ጥንድ፣ ማንኛውንም ኤስ፣ ኪንግ-ኩዊንና ኪንግ-ጃክን ይገፋል እንበል። ሁለት ካርታ በጠቅላላው በ1,326 መንገድ ይታደላል። እያንዳንዱ ጥንድ በ6 መንገድ ይመጣል፣ ጥንድ ያልሆነ ማንኛውም እጅ ደግሞ በ16። ስብስቡ 302 መንገድ ነው፤ ከሁሉም እጆች 23 በመቶ የሚጠጋ። እርስዎ አንድ ኤስና አንድ 9 ስለያዙ ግን ቁጥሩ ወደ 245 ይወርዳል፤ ኤስ-ኤስ ሊይዝባቸው የሚችሉት መንገዶች ከ6 ወደ 3 ይቀንሳሉ። በዚህ ስብስብ ላይ ኤስ-9 ወደ 49 በመቶ ያሸንፋል። 43.1 ይበቃ ነበርና መቀበል ነው።

ከነዚያ 245 መንገዶች ግን 78ቱ፣ ማለትም ሲሶ የሚጠጉት፣ እጅዎን ክፉኛ የሚበልጡ ናቸው፦ ከኤስ-10 እስከ ኤስ-ኪንግ፣ ከ9-9 ጀምሮ እስከ ኤስ-ኤስ ያሉት ጥንዶች። ትክክለኛ ውሳኔ ወስነው ከሦስት ጊዜ አንድ ጊዜ ተጋጣሚዎ ካርታውን ሲገልጥ ልብዎ ይወድቃል። ያ ስህተት መሥራትዎን አያሳይም። በአንጻሩ ሰውየው ጠንቃቃ ሆኖ ከ7-7 በላይ ያሉትን ጥንዶችና ከኤስ-10 በላይ ያሉትን ኤሶች ብቻ የሚገፋ ከሆነ፣ ያው ኤስ-9 ወደ 30 በመቶ ይወርዳል፤ መቀበሉ ያኔ ከባድ ስህተት ነው፤ ቢያሸንፉ እንኳ። ቦታው ከላይ ያየነው የአራት ሰው በብል ቢሆን ደግሞ 49ኙም አይበቃም።

ስለዚህ ቺፕ ከመግባቱ በፊት አራት ነገር በቅደም ተከተል ይታያል፦ የሁለታችሁ ትንሹ ቺፕ ስንት ቢግ ብላይንድ ነው፤ ለስንት ፖት ስንት ይጨመራል፤ ተጋጣሚው በምን ስብስብ ይጫወታል፤ ሽልማቱ ምን ያህል ቀርቧል። ብዙውን ጊዜ ሦስተኛው ላይ ነው ሰው የሚቸኩለው፤ ያየውን አንድ የውሸት ግፊት አስታውሶ ሰውየውን ለዘላለም ውሸታም ያደርገዋል።

የቺፕ ቆጠራው

ሦስት ሰው ኦል-ኢን ሲገባ ማን ስንት እንደሚወስድ አስቀድሞ ማወቅ ግድ ነው። አንደኛው 3,000፣ ሁለተኛው 8,000፣ ሦስተኛው 12,000 ቢኖራቸው ዋናው ፖት ከእያንዳንዳቸው 3,000፣ ጠቅላላ 9,000 ነው። የጎን ፖቱ ከሁለቱ 5,000 እየተወሰደ 10,000 ይሆናል። የቀረው 4,000 ለሦስተኛው ይመለሳል። የመጀመሪያው ሰው ምርጥ ካርታ ቢኖረውም 9,000ውን ብቻ ይወስዳል። ሁለት ሰው በአንድ እጅ ከወጡ ደግሞ እጁ ሲጀመር ብዙ ቺፕ የነበረው የተሻለውን ደረጃ ያገኛል። በብል ላይ ይህች ደንብ የሽልማት ልዩነት ናት፤ ለዚህም ነው የጎረቤትን ቺፕ መቁጠር የሚያስፈልገው።

ከተበሉ በኋላ

እ.ኤ.አ. ነሐሴ 18 ቀን 1913 በሞንቴ ካርሎ ካሲኖ በሚሽከረከረው የቁማር ጎማ፣ በሩሌቱ፣ ላይ ጥቁር 26 ጊዜ ተከታትሎ ወጣ። ተጫዋቾቹ «አሁንስ የቀይ ተራ ነው» እያሉ በቀይ ላይ ሲያስይዙ ብዙ ገንዘብ ከሰሩ። ፖከር ላይም ሐሳቡ ያው ነው፦ ሦስት ጊዜ ተበልቻለሁና አራተኛው የኔ ነው። 52ቱ ካርታዎች በየእጁ እንደገና ይበወዛሉ፤ ቀድሞ ማን እንደተበላ አያውቁም። ተቃራኒውም እንዲሁ ስህተት ነው፤ ዛሬ ቀኔ አይደለም ብሎ ኪንግ-ኪንግን በፍርሃት መጣል።

ከትልቅ ሽንፈት በኋላ ያሉት ጥቂት ደቂቃዎች አደገኛ ናቸው፤ ቲልት የሚባለው፣ በስሜት ተነድቶ መጫወት፣ ያኔ ነው የሚጀምረው። ምልክቶቹ ይታወቃሉ። ካርታ ሲታደል ሳይሆን ገና ሳይታደል መግፋት ያሰኛል። ያሸነፈውን ሰው ብቻ እየጠበቁ መጋጨት ይመጣል። ሳያስቡ ወዲያው መወሰን ይበዛል። የሚሠራው መድኃኒት ስሜትን መጨቆን አይደለም፤ እጅን በሥራ መያዝ ነው። የቀረውን ቺፕ በደርዝ በደርዝ ደርድሮ መቁጠር፣ በቢግ ብላይንድ ማካፈል፣ ቢግ ብላይንዱ በስንት እጅ እንደሚደርስ ማየት። አዲሱ ቁጥር ከተያዘ ጨዋታው ካለበት ይቀጥላል። ለሚቀጥለው ውሳኔ፣ ቀላልም ቢመስል፣ አሥር ሰከንድ መስጠት ልማድ ይሁን። ስለጠፋው እጅ ለጠረጴዛው መተረክ ግን ጉዳት ብቻ ነው፤ በምን ካርታ እንደሚገፉና እንደሚቀበሉ ለሁሉም ያሳያል።

ምርመራው ለቤት ይቆይ። ለእያንዳንዱ ኦል-ኢን ስድስት ነገር ይጻፍ፦ የሁለቱ ቺፕ በቢግ ብላይንድ፣ ቦታቸው፣ ካርታዎቹ፣ ቺፑ የገባው ከየትኛው ካርታ በፊት እንደሆነ፣ በዚያች ሰዓት የነበረው መቶኛ፣ ውጤቱ። 40 ያህል ሲሞላ መቶኛዎቹ ይደመሩ። በአማካይ 60 በመቶ ይዘው የገቡ ከሆነ የሚጠበቀው ድል 24 ነው፤ የተለመደው መዋዠቅ ደግሞ ወደ ላይም ወደ ታችም 3 ገደማ። ስለዚህ 20 ብቻ ያሸነፈ ሰው ምንም የተለየ ነገር አልደረሰበትም። ከ18 እስከ 30 ያለው ሁሉ ከ100 ጊዜ 95 ጊዜ ያህል ሊከሰት የሚችል ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲሠራ የሚያገኘው ዕድለቢስነትን ሳይሆን ዝቅተኛ አማካይ ነው፤ 60 የመሰለው 48 ሆኖ ይገኛል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ እርስዎ ገፍተው ሌላው የተቀበለባቸውን እጆች እርስዎ ከተቀበሉባቸው ለይተው ያስቀምጡ። የሚገፋ ሰው ሲቀበሉት ብዙውን ጊዜ ወደ ኋላ ነው፤ ከላይ እንዳየነው ትርፉ ከተጣሉለት እጆች ስለሆነ ያንን ብቻ አይቶ ራሱን መውቀስ የለበትም።

ከኦል-ኢኑ ጥቂት ቺፕ ተርፎ የቀረ እንደሆነስ? 40,000 ይዘው 36,000 ካለው ጋር ተጋጭተው ቢበሉ 4,000 ይቀራል፤ ብላይንዱ 1,000 ከሆነ 4 ቢግ ብላይንድ ነው። አብዛኛው ሰው ይህን እንደ ሙት ቺፕ ቆጥሮ ካርታ ሳያይ ይገፋል። እ.ኤ.አ. በ1982 የዓለም ፖከር ተከታታይ ውድድርን ዋና ጨዋታ ያሸነፈው ጃክ ስትራውስ በውድድሩ መሃል አንዲት ቺፕ ብቻ ቀርታው እንደነበር ይተረካል፤ እሱን ጠብቆ መጫወት ባይቻልም ቁጥሩ ተስፋ የሚያስቆርጥ አይደለም። ቢግ ብላይንዱ ሊደርስ 7 እጅ ቀርቶ እንበል። ኤስ ያለበት እጅ ወይም ጥንድ በአንድ እጅ የመታደል ዕድሉ ከ1,326 ውስጥ 270፣ ማለትም 20.4 በመቶ ነው። በ7 እጅ ውስጥ ቢያንስ አንዴ የማግኘት ዕድል 80 በመቶ ገደማ ይሆናል። ቢግ ብላይንዱና አንቴው ሲደርሱ 2,000፣ ከቀረው ግማሹን ይወስዳሉ፤ ስለዚህ ከዚያ በፊት፣ ማንም ሳይገባ ተራው ሲደርስ፣ የመጀመሪያው ኤስ ወይም ጥንድ ይገፋል። የመጀመሪያዎቹ ስድስት እጆች ባዶ ከሆኑ ደግሞ ቢግ ብላይንዱ ከመድረሱ በፊት ባለው የመጨረሻ እጅ፣ ከፊት ማንም ካልገባ፣ ኪንግ ያለበት ወይም ሁለት ተከታታይ ካርታ ይበቃል።